የደም ፍርድና የምእመናን አንደበት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው፣ በፍርዱም ለማይሳሳተው ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ! የሰው ነፍስ ጠፍቶ፣ በግድያው የተከሰሰ ሰው በዳኛ ፊት ቀርቦ፣ «ማስረጃው አልበቃም» ተብሎ በነጻ በተለቀቀ ጊዜ ሕዝቡ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ደም በከንቱ ፈሶ ቀረ፤ ዳኛው ወይ ተሳስቷል ወይ ጉቦ በልቷል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ሰውየው ንጹሕ ነበር፤ ከሳሾቹ ምቀኞች ናቸው» ይላል። ክርክሩም ከችሎት ወጥቶ ወደ ገበያ ይወርዳል፤ ከገበያ ወደየቤቱ ይገባል፤ በመጨረሻም ከመስጊድ ደጃፍ ይደርሳል። በአንድ ረድፍ ሱቅ ከፍተው፣ ያለ ወረቀት እየተበዳደሩና እየተማመኑ ለብዙ ዓመት የኖሩ ጎረቤታሞች ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። ሟቹ አንድ ሲሆን በወሬ ምክንያት የሚሞተው ወዳጅነት ግን ብዙ ነው። እንግዲህ ሃይማኖታችን በዚህ ነገር ላይ ምን እንደሚያዝዝ ማወቅ ለነጋዴውም፣ ለቤተ ሰብ አባትም፣ ለእናትም የግድ ነው።

አስቀድማችሁ የደምን ክብደት ዕወቁ። አላህ በሱረቱል ማኢዳህ በ32ኛው አንቀጽ አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ የገደለ ሰው፣ ሰዎችን ሁሉ እንደ ገደለ የሚቆጠር መሆኑን ገልጿል። መልእክተኛውም (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በትንሣኤ ቀን በሰዎች መካከል በመጀመሪያ የሚፈረደው በደም ጉዳይ እንደሆነ ነግረውናል። ስለዚህ ነፍሰ ገዳይ አመለጠ ብሎ ልቡ የሚቃጠል ሰው አይነቀፍም፤ ልቡ የሚቃጠለው የሰው ነፍስ ክቡር መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ነገር ግን የተከሳሹም ደም ደም ነው። የሟችን ደም ክቡር ያደረገው ሕግ፣ በማስረጃ ያልተረጋገጠበትን ሰው ደምም ክቡር አድርጎታል። ሰዎች በክሳቸው ብቻ የጠየቁት ሁሉ የሚሰጣቸው ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ የሌላውን ደምና ገንዘብ በጠየቀ ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንኑ አስተምረዋል።

አሁን በነቢዩ ዘመን የሆነውን ነገር ልብ ብላችሁ አንብቡ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከአንሷር ወገን የሆኑት ዐብዱላህ ኢብኑ ሰህልና ሙሐይሲህ ኢብኑ መስዑድ ከመዲና በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ወደ ኸይበር ሄዱ። በዚያን ጊዜ ከኸይበር አይሁዶች ጋር ስምምነት ነበረ። ሁለቱ በተምር ዛፎች መካከል ተለያይተው ለየጉዳያቸው ሄዱ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ዐብዱላህ ተገድሎ ተገኘ። ገዳዩን በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። ሙሐይሲህ የአገሩን ሰዎች «የገደላችሁት እናንተ ናችሁ» አላቸው፤ እነርሱም በአላህ ምለው ካዱ።

ሙሐይሲህ፣ ታላቅ ወንድሙ ሑወይሲህና የሟቹ ወንድም ዐብዱረሕማን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረቡ። ነቢዩም በዕድሜ ታናሽ የሆነው ቀድሞ ለመናገር በጀመረ ጊዜ፣ ታላቁ ይቅደም ብለው አዘዙ። ሐዘን በበረታበት ሰዓት እንኳ ሥርዓት እንዳይፈርስ ጠበቁ። ከዚያም ከመካከላቸው 50 ሰዎች ምለው ደሙን ይረከቡ እንደሆነ ጠየቋቸው። የሟቹ ቤተ ሰቦች ያላዩትንና ያልተመለከቱትን ነገር እንዴት እንደሚምሉበት ተናግረው መሐላውን ተዉት። ነቢዩም፣ እንግዲያውስ ተከሳሾቹ 50 ጊዜ ምለው ከክሱ ነጻ ይወጣሉ አሏቸው። እነርሱም የማያምኑ ሰዎችን መሐላ መቀበል እንደሚከብዳቸው ገለጹ። በመጨረሻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደሙ ከንቱ እንዲሆን ስላልወደዱ፣ 100 ግመል የደም ካሳ ራሳቸው ሰጡ። ታሪኩን ያስተላለፈው ሰህል ኢብኑ አቢ ሐስማህ ከነዚያ ግመሎች አንዲቱ ቀይ ግመል እንደ ረገጠችው እንኳ ያስታውስ ነበር።

አንባቢዎች ሆይ! በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ታላላቅ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ከሳሾቹ የነቢዩ ባልደረቦች ሲሆኑ ተከሳሾቹ ከሌላ ሃይማኖት የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ነቢዩ ለወገናቸው አድልተው ያለ ማስረጃ አልፈረዱም። አላህ በሱረቱ ኒሳእ በ135ኛው አንቀጽ፣ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ ለፍትሕ እንድንቆም አዝዞናል። በሱረቱል ማኢዳህ በ8ኛው አንቀጽም ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አስጠንቅቆናል። እኛ ግን የተከሳሹን ወገንና አገር አስቀድመን እንጠይቃለን፤ ከዚያም ፍርዱን በዚያ ሚዛን እንመዝናለን። ነጋዴ ሆይ! ለገዢ አንድ ሚዛን፣ ለሻጭ ሌላ ሚዛን መያዝ ሐራም እንደሆነ ታውቃለህ። በሰው ነፍስ ላይ ሁለት ሚዛን መያዝማ ምን ያህል ይከፋ!

ሁለተኛው፣ የሟቹ ቤተ ሰቦች ድል በእጃቸው ሳለ ተዉት። መሐላ ብቻ ነበር የቀራቸው፤ ግን ስላላዩ አልማሉም። ከእናንተ መካከል በገበያ ተቀምጦ «እርሱ ነው የገደለው» የሚል፣ ወይም «በጭራሽ አልገደለም» የሚል፣ ሁለቱም ያላየውን እየመሰከረ መሆኑን ይወቅ። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ያልደፈረውን መሐላ፣ በሰማ በለው የሚያወራ ሰው እንዴት ይደፍረዋል? ጆሮም፣ ዓይንም፣ ልብም የሚጠየቁ መሆናቸውን ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ በ36ኛው አንቀጽ አስታውቋል።

ሦስተኛው፣ ማስረጃ ጠፋ ተብሎ የሟቹ ቤት አልተረሳም። ፍርዱ በተከሳሹ ላይ ባይጸናም፣ ለሐዘንተኞቹ የሚገባ ነገር ተደረገላቸው። ብዙ ሰዎች ስለ ዳኛው ሲከራከሩ ይውላሉ፤ የሟቹ ልጆች ምሳ በልተው እንደሆነ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። ስለ ደም ተቆርቋሪ ነኝ የሚል ሁሉ፣ ተቆርቋሪነቱ የሚታወቀው በየቲሞቹ ደጃፍ ነው።

ምናልባት አንዱ «ይህ የጥንት ነገር ነው» ይል ይሆናል። በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የሆነውን ተመልከቱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ሁለት ሰዎች ተገደሉ፤ ኦ ጄ ሲምፕሰን የተባለ ዝነኛ የኳስ ተጫዋችም ተከሰሰ። ከብዙ ወራት ሙግት በኋላ በ1995 ከሕዝብ የተመረጡ 12 ፈራጆች በነጻ ለቀቁት። አገሩ በሁለት ተከፈለ፤ ከጥቁሮች ብዙዎቹ ተደሰቱ፤ ከነጮች ብዙዎቹ አዘኑ። በ1997 ግን በፍትሐ ብሔር ክስ ሌላ ጉባኤ ለሞቱ ተጠያቂ ነው ብሎ 33.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ሰዎች ይህ እንዴት ይሆናል ብለው ተደነቁ። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ በወንጀል ለመቅጣት የሚፈለገው ማስረጃ፣ በገንዘብ ካሳ ለማስከፈል ከሚፈለገው ይልቅ የከበደ ነው። የእኛም ሊቃውንት ስለዚያ ስለ 50ው መሐላ በተነጋገሩ ጊዜ፣ ማሊክና አሕመድ በነፍስ እንኳ ያስጠይቃል ሲሉ፣ የአቡ ሐኒፋ መዝሀብ የሚያስከፍለው ካሳ ብቻ ነው ብሏል። ሲምፕሰንም በ2024 ሞተ፤ ሰዎች የተከራከሩበት ጉዳይ ምንም ወደማይሰወርበት ዳኛ ዘንድ ሄደ።

በጥርጣሬ እጅን ማንሳትም የሚያመጣውን መከራ ከታሪካችን ተማሩ። በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋው ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) በተወጉ ጊዜ፣ ልጃቸው ዑበይዱላህ ሁርሙዛን የተባለውን ፋርሳዊ ከገዳዩ ጋር ተማክሯል ብሎ፣ ዳኛ ሳይጠይቅ ገደለው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ዘገቡት፣ በዑበይዱላህ ጉዳይ ባልደረቦቹ ተለያዩ። አንዳንዶቹ በነፍስ ይጠየቅ አሉ፤ ሌሎቹ ትናንት አባቱ ተገድሎ ዛሬ ልጁ ይገደላልን አሉ። ኸሊፋው ዑስማን (ረዲየላሁ ዐንሁ) ከራሳቸው ገንዘብ የደም ካሳ ከፍለው ነገሩን ዘጉ። እነዚያ ታላላቆች በአንድ ፍርድ ላይ ቢለያዩም በአንድ ረድፍ ቆመው መስገዳቸውን አልተዉም።

አሁን ቃሌን ለየባለቤቱ ልስጥ።

በነጻ የተለቀቅህ ሆይ! ንጹሕ ከሆንህ አላህን አመስግን፤ በሐዘንተኞች ፊት ግን ከበሮ አታስመታ። በደለኛ ከሆንህ የዳኛው ቃል አያድንህም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እርሳቸው ሰው እንደሆኑ፣ ከተሟጋቾች አንዱ በአነጋገር ብልጫ ሊረታ እንደሚችል፣ በዚህ መንገድ የወንድሙን ሐቅ የወሰደ ሰው ግን የእሳት ቁራጭ እንደ ወሰደ ተናግረዋል። ጠበቃህ እስከ መቃብር አፋፍ ድረስ እንጂ ከዚያ በላይ አብሮህ አይሄድም።

የሟች ቤተ ሰብ ሆይ! ማልቀስ መብታችሁ ነው፤ ሕጉ በፈቀደው ሁሉ ይግባኝ ማለትም መብታችሁ ነው። በቀልን ግን ለልጆቻችሁ አታውርሱ። አላህ በሱረቱል ኢስራእ በ33ኛው አንቀጽ ለሟች ወገን ሥልጣን ሰጥቶ፣ በመግደል ወሰን እንዳያልፍ ከልክሎታል። የጠፋ ምስክር በዱንያ ቢጠፋ በአኺራ አይጠፋም፤ በዚያ ቀን እጅና እግር ይናገራሉ።

ዳኛውን የምትሰድብ ሆይ! ዳኛ አይሳሳትም አላልንም፤ ከሦስት ዳኞች ሁለቱ የእሳት መሆናቸው በሐዲስ ተነግሯል። ጉቦ መብላቱን የምታውቅ ከሆንህ ማስረጃህን ይዘህ ለሚመለከተው ክፍል አቅርብ፤ ዝም ማለትህ ራሱ ኀጢአት ነው። የማታውቅ ከሆንህ ግን የሰው ስም በጥርስህ አትቦጭቅ።

ነጋዴዎችና የቤት አባቶች ሆይ! መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ከሕዝባቸው የከሰረው ማን እንደሆነ ነግረውናል፤ እርሱም ሰላትና ጾም ይዞ ቢመጣም፣ ሰውን የሰደበ፣ ስም ያጠፋና ደም ያፈሰሰ በመሆኑ መልካም ሥራው ሁሉ ለተበደሉት የሚከፈልበት ሰው ነው። ለጀምበር መጥለቂያ የገንዘብ ሒሳባችሁን የምትዘጉ፣ የአንደበታችሁንም ሒሳብ አብራችሁ ዝጉ። ልጆቻችሁ ማዕድ ላይ ከእናንተ የሚሰሙትን ፍርድ ነገ በጎረቤት ልጅ ላይ እንደሚፈርዱበት አትርሱ። ከተኳረፋችሁት ጎረቤት ጋር ከሚቀጥለው ጁሙዓ በፊት ታረቁ፤ ከዚያም ሁለታችሁ አብራችሁ ወደ ሟቹ ቤት ሂዱ፤ ለየቲሞቹ የሚሆነውንም በእጃችሁ ያዙ።

አላህ ሆይ! የሟቾቻችንን ነፍስ ማር፤ የተበደለውን ካስልን፤ ንጹሑን ከሐሜት ጠብቅልን፤ ዳኞቻችንን ወደ ሐቅ ምራልን፤ ያላየነውን ከመመስከር አንደበታችንን ያዝልን። አሚን።