ከሥዕሉ ግርጌ የሚጻፍ ስም

በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ከሥዕልና ከፎቶ ግርጌ «ምንጭ፦ ጉግል» የሚል መስመር ማየት ተለምዷል። ጉግል ፈልጎ ያሳያል እንጂ አልሣለም፣ ፎቶም አላነሣም። ጥፋቱን ከስርቆት ስንቆጥረው ተማሪው መልስ አያጣም፦ ሥዕሉ ከባለቤቱ አልጎደለም፣ እኔም አልሸጥሁት ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ግን ከዐሠርቱ ትእዛዛት ነገሩ የሚቀርበው በሐሰት ላለመመስከር ነው እላለሁ። ጥናት ውስጥ የገባ ሥዕል ምስክር ሆኖ ቆሟል፤ የምስክሩን ማንነት የደበቀ ሰው ደግሞ አንባቢውን አታሏል።

በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል እንውሰድ። በላዩ የሰፈረው ጽሑፍ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን፣ ዘመኑም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሆኑን ይናገራል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ማሪሊን ኸልድማን በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ስም ያልተጻፈባቸውን ሌሎች ሥዕሎች ከዚሁ ጋር እያስተያየች የፍሬ ጽዮን እጅ ያለባቸውን ለይታለች። ያ ሁሉ የተመዘነው በዚያ አንድ ስም ነው። እንግዲህ ተማሪው ይህን ሥዕል ገልብጦ ግርጌው ላይ «ጥንታዊ ሥዕል» ብቻ ብሎ ሲያልፍ፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ የደረሰንን ማስረጃ በአንድ መስመር ያጠፋዋል። ፎቶውን ያነሣውም ሰው አለ፤ ብርሃኑንና ማዕዘኑን የመረጠው እሱ ነውና ስሙ ከሠዓሊው ጎን ሊጻፍ ይገባል።

አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ስማቸውን በትሕትና ትተዋል፣ እኛ ለምን እንጨነቃለን የሚል ይኖራል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ሆኖም ሰው በትሕትና ሊተው የሚችለው የራሱን ስም ነው፤ የሌላውን መተው መንፈግ ይባላል። የብራና መጻሕፍቶቻችንም ቢሆኑ የጸሐፊውንና የአጻፊውን ስም እየጠሩ አንባቢው በጸሎት እንዲያስባቸው ይለምናሉ። ስም ማስፈር በራሱ ከንቱ ውዳሴ ቢሆን ኖሮ አባቶች ይህን ባላደረጉ ነበር።

ለትምህርት እስከሆነ ድረስ ተፈቅዷል የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ሥዕሉን ለማስተማሪያ መጠቀምና ባለቤቱን አለመጥራት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ሠዓሊው በእርግጥ ካልታወቀስ? «ሠዓሊው ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፋል፤ ቀጥሎም ሥዕሉ ያለበት ገዳም፣ የሚገመተው ዘመንና ፎቶ አንሺው። ይህም ምስክርነት ነው፤ ተማሪው ፈልጎ ማጣቱን፣ ቀጣዩም ተመራማሪ ከየት መጀመር እንዳለበት ይናገራል።