የውኃ መውረጃና የባልንጀራ ፍቅር

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ34ኛው ምዕራፍ የእስራኤልን እረኞች ከወቀሰ በኋላ ፊቱን ወደ በጎቹ ይመልሳል። ጥሩውን ውኃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው ያደፈረሱትን፣ ለደካሞቹ ጭቃ ያተረፉትን እግዚአብሔር እንደሚፈርድባቸው ይናገራል። መምህራን ይህን ንባብ በብዙ መንገድ ይተረጕሙታል፤ እኔ ግን ለዛሬ ውኃውን ውኃ፣ ጭቃውንም ጭቃ ብዬ ልይዘው እወዳለሁ። በወገዳና በዙሪያዋ፣ በስማዳ፣ በጋይንትና በእስቴ የምንኖር ሰዎች ከሌሎች በላይ ሆነን የምንጠጣ ነንና።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ውኃ ይከፍላል። በምዕራብ በኩል የወረደው ዝናብ በርብና በጉማራ አድርጎ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ወደ እኛ ወደ ስማዳ በኩል የወረደው ደግሞ ጣናን ሳያይ ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል። ነገር ግን ከጣና የወጣው ዐባይ ጎጃምን እየከበበ መጥቶ በስማዳ ግርጌ ሲያልፍ፣ በጉና አናት ላይ የተለያዩት ሁለቱ ጠብታዎች እንደ ገና ይገናኛሉ። ዛሬ የእርሻ ባለሙያዎች ‹‹ተፋሰስ›› የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ዝናቡ ከየሸንተረሩ ወርዶ በአንድ መውጫ የሚሰበሰብበትን ምድር ሁሉ።

አገራችን የትምህርት አገር ናት። የድጓው ምስክር በቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱም በዙር አባ ነው፤ ሁለቱም በጋይንት ምድር ናቸው። በያሬድ ሥርዐት ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው ጊዜ መብረቅ፣ ነጐድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግና ጠል የሚታሰብበት ነው። እኔም በተማሪነቴ በእነዚህ ቀኖች ስለ ወንዞች አዜም ነበር፤ በጎጆዬ በር የሚያልፈው ጎርፍ ግን ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። በቅል የቀዳሁት ውኃ ሲደፈርስ እስኪጠልል እጠብቅ ነበር እንጂ ማን አደፈረሰው አላልሁም። መምህር ከሆንሁም በኋላ ብዙ ዘመን እንዲሁ አለፈ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሐምሌ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹን ይዤ ከቅጽር ወጣሁ። እያንዳንዱ አንድ ፈሳሽ ይዞ እስከ ወንዙ እንዲከተልና ከዚያው በጠርሙስ ቀድቶ እንዲመጣ አዘዝሁ። ጠርሙሶቹን በድንጋይ ላይ ደረደርናቸው። ከወይራውና ከጥዱ ሥር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን የመጣው ወዲያና ወዲህ የሚያሳይ ነበር፤ ከእርሻው የወረደው ግን ጣት ቢነክሩበት ቀለም የሚተው ነበር። እስከ ሠርክ ስናቆየው ከታቹ ደለል ረጋ።

ምክንያቱን ራሳቸው አገኙት። በደኑ ውስጥ ቅጠሉ የጠብታውን ኀይል ይሰብራል፤ የረገፈው ቅጠል ይጠጣዋል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። የጤፍ ማሳ ግን ደጋግሞ ታርሶ፣ ልሞ፣ ራቁቱን የሚገኘው ልክ ዝናቡ በሚበረታበት ወር ነው። ትልሙም ቁልቁል ከወጣ ለጎርፉ ቦይ ይሆነዋል።

በዚያ መካከል አንዱ ልጅ ‹‹የኔታ፣ ይህ ያባቴ ማሳ ነው›› አለ። ሌሎቹ ዝም አሉ።

እነሆ የነገሩ ጭንቅ እዚህ ላይ ነው። አንድ ወዳጄ ደብተራ ይህን ሲሰማ ‹‹ልጆቹን ካም አደረግሃቸው፤ የአባታቸውን ዕራቁት አሳየሃቸው›› ብሎ ገሠጸኝ። ተግሣጹ ቀላል አይደለም፤ አባትን ማክበር ትእዛዝ ነውና። ብዙ ሌሊት አሰብሁበት። ሴምና ያፌትም የአባታቸውን ነገር ሰምተዋል፤ ከካም የተለዩት ባለማወቃቸው ሳይሆን ልብስ ይዘው በመሄዳቸው ነው። የተራቆተ ምድርም ልብስ አለው፤ ሣር፣ ዛፍ፣ እርከን ነው። ደግሞም ያ አባት ተዳፋቱን የሚያርሰው ክፋት ይዞት አይደለም፤ መሬቱ ጠቦ ልጆቹ በዝተውበት ነው። ይህን ሳይነግሩ ደለሉን ብቻ ማሳየት፣ ወዳጄ እንዳለው፣ በእርግጥ ካምነት ነው።

በማግሥቱ ትልቁን ቦረቦር ወደ ላይ ተከተልነው። መነሻው በማንም ማሳ አልነበረም፤ በእኛው በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ የሰበሰበው ውኃ በአንድ ማዕዘን ይወርድና በንግሥ ቀን የሕዝቡ እግር ባጎደጎደው መንገድ ላይ ይለቀቃል። እኛ ካህናቱ በየቀኑ ስንሻገረው ኖረናል። ያ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም።

ከበታቻችን ያለው ባልንጀራ ሩቅ አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የርብና የጉማራ ሙላት የፎገራን ሰው ቤትና እህል ወስዶበታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ዐባይ ይዞት የሚወርደውን አፈር ይቀበላል፤ በጉባ የሚረጋው ደለል የእኛም ነው። በደናችንም አንመካ። በእመጓ መጽሐፉ ብዙዎች የሚያውቁት የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ የአብያተ ክርስቲያናትን ደኖች መርምሮ በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከብት በሚገባባቸው ደኖች አዲስ ችግኝ ማደግ እንደሚቸግረው አሳይቷል። የእኛም ቅጽር ያረጁ ዛፎች ነበሩት እንጂ ልጆች አልነበሩትም፤ ግን እስከዚያ ቀን ማን ልብ ብሎት።

ልጆቹ ድንጋይ አመላለሱ፤ የጽዋው ማኅበር ሰዎችም ገብተውበት በቦረቦሩ ሦስት ክትር ሠራን፤ ሁለቱን የዚያው ዓመት ጎርፍ ወሰዳቸው። የልጁ አባት በመጀመሪያው ቀን አልመጣም፤ በሁለተኛው መጥቶ ድንጋዩ ያለ መሠረት መቀመጡን ነቀፈና ራሱ ቈፍሮ አሳየን። ሦስተኛው ክትር ዛሬም አለ። ጣሪያውን በአሸንዳ ሰብስቦ ውኃውን ወደ ደኑ መምራት ግን እስከ አሁን አልተፈጸመም፤ በየጉባኤው አነሣዋለሁ፤ ልጆቹም በየሐምሌው ጠርሙሳቸውን ይዘው ይጠይቁኛል።