የጥሪን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

በ1859 ዶክተር ጄምስ ከርቲስ ሄፕበርን ኒውዮርክ ውስጥ ጥሩ ገቢ የነበረውን የሕክምና ሥራቸውን ትተው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ክላራ ጋር ወደ ጃፓን በመርከብ ተሳፈሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባልና ሚስቱ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ነበሩ። በወጣትነታቸው በሲንጋፖርና በቻይናዋ አሞይ ጥቂት ዓመታት አገልግለው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከወለዷቸው ልጆች ብዙዎቹን ገና በሕፃንነታቸው ቀብረዋል። የቀራቸው አንድ ልጅ ሳሙኤል ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ያለ ልጅ ነው። እሱን አሜሪካ ትተውት ሄዱ።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ ትልልቁ ሥራቸው መቸኮል ቀላል ነው። እኔ ግን ጥያቄዬን የማነሣው እዚሁ ላይ ቆሜ ነው። አንድ ሰው “እግዚአብሔር ጠርቶኛል” ብሎ ሲሄድ፣ ዋጋውን ከሚከፍሉት መካከል ያልተጠሩ ሰዎች አሉ፤ የቀረ ልጅ፣ ያረጀች እናት፣ ደካማ አባት። እነርሱ የከፈሉት የማን መሥዋዕት ሆኖ ይቆጠራል?

ሥራው በእርግጥ ትልቅ ነበር። ካናጋዋ ሲደርሱ መጀመሪያ የተጠለሉት በአንድ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ነው። ክርስትና በጃፓን የተከለከለ ሃይማኖት ነበርና ክልከላውን የሚያውጁት ሰሌዳዎች ከየአደባባዩ የተነሡት በ1873 ነው። በግልጽ መስበክ በማይቻልበት በዚያ ዘመን ዶክተሩ ሕመምተኞችን በነፃ ያክሙ ነበር፤ በ1867ም የጃፓንኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። ጃፓንኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ዛሬም የሚሠራበት ሥርዓት የሚጠራው በስማቸው ነው። ወይዘሮ ክላራ ደግሞ በ1863 ዮኮሃማ በሚገኘው ቤታቸው ልጆች ሰብስበው እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ። የፌሪስ የሴቶች ትምህርት ቤትም ሆነ ሜጂ ጋኩኢን ዩኒቨርሲቲ ታሪካቸውን ሲናገሩ ከዚያች ክፍል ይነሣሉ።

ለጥያቄዬ ብዙ ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ ይህን ፍሬ ማሳየት ነው። መልሱ አያሳምነኝም። ከወይዘሮ ክላራ ተማሪዎች አንዱ ታካሃሺ ኮሬኪዮ ይባላል። በ1854 ተወልዶ ገና በልጅነቱ እንግሊዝኛ እንዲማር ዮኮሃማ የተላከ ነው። አድጎ የጃፓን ባንክ ምክትል ገዢ ሆነ። በ1904 አገሩ ከሩሲያ ጋር ስትዋጋ ወደ ኒውዮርክና ለንደን ተልኮ፣ በዚያ በልጅነቱ በጀመረው ቋንቋ እየተደራደረ፣ የጦርነቱን ብድር አሰባሰበ። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በሽምግልናው ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትር ሳለ የጦሩን ወጪ ለመገደብ በመሞከሩ በፌብሩዋሪ 1936 ያመፁ መኮንኖች ቤቱ ገብተው ገደሉት።

እንግዲህ የዚያ ትምህርት ፍሬ የትኛው ነው? ጦር ሜዳ ላይ የነደደው ገንዘብ ነው? ወይስ በስተርጅናው ጦረኞችን እምቢ ብሎ የሞተው ሽማግሌ? ወይዘሮ ክላራ ያረፉት በ1906 ነው፤ የኋለኛውን አላዩም። አስተማሪ የሰጠው ነገር ከእጁ ከወጣ በኋላ የተማሪው ነው። ቋንቋ ደግሞ ከትምህርቶች ሁሉ ይልቅ እንዲህ ነው፤ ለጸሎትም ለጦርነት ብድርም እኩል ያገለግላል። ስለዚህ ዮኮሃማ ላይ የተዘራው ምን እንዳፈራ ቆጥሮ የሳሙኤልን ብቸኝነት በዚያ ማካካስ አይቻልም። ሁለቱን ባንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ እጅ የለንም።

“እግዚአብሔር ከጠራ የቀረው ሁሉ ሁለተኛ ነው” የሚለው መልስ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። ጌታ በወንጌል አባቱንና እናቱን፣ ልጁንም ከእርሱ አስበልጦ የሚወድ ሰው ለእርሱ እንደማይገባ ተናግሯል። ይህን ቃል ላለዝበው አልፈልግም። ነገር ግን ያው ጌታ፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7፣ ለወላጆቻቸው የሚገባውን ርዳታ “ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል” እያሉ የሚያስቀሩትን ሰዎች በብርቱ ይገሥጻል። አንዱ ቃል ለእኔ ብለህ ተነሥ ይላል፤ ሌላው በእኔ ስም እናትህን አታስርብ ይላል። ሁለቱም ከአንድ አፍ የወጡ ናቸው። በሚስዮናውያን መሸኛ ላይ የመጀመሪያው ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ሁለተኛው ሲነበብ አልሰማሁም።

በዚህ ነገር የእኛ አገር የምንኵስና ሥርዓት የሚያስቀና ግልጽነት አለው። ሰው ሲመነኩስ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፤ በቁሙ ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠራል። ቤተሰቡ ያለቅሳል፣ እርሙን ያወጣል፤ ለበዓል ይመጣልን ይሆን ብሎ ደጅ ደጁን አያይም። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ የወጣው የገብረ ክርስቶስ ታሪክም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን የእርሱን ቅድስና ስታከብር የወላጆቹንና የሙሽራይቱን እንባ አትሸሽግም። ተመልሶ መጥቶ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ሲኖር አላወቁትም፤ ማንነቱን ያወቁት ከሞተ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ያለቀሱትም በታሪኩ ውስጥ አለ። መለየት ሞት መሆኑን አምኖ በስሙ የጠራ ሥርዓት ነው።

አስተማሪ ሆነው የሚሄዱ ባልና ሚስት ግን አልመነኰሱም። ልጅ፣ አማት፣ የእኅት ሠርግ፣ የአባት ሕመም አብሯቸው ይሄዳል። የቀሩትም እርማቸውን አላወጡም። በሄፕበርኖች ዘመን ደብዳቤ ባሕር ለማቋረጥ ወራት ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት ይቻላል፤ ይህም መለየቱን የሚያቀል ቢመስልም፣ አያት የልጅ ልጇን በመስኮት እንደሚያይ ሰው እያየች መንካት በማትችልበት ቤት፣ ናፍቆቱን በየሳምንቱ ያድሰዋል።

ጋብቻውም ቢሆን በባዕድ አገር ሌላ ሸክም ይወድቅበታል። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ አለ፤ የንስሐ አባት አለ፤ ለአንዱ ወገን የምታደላ አክስት እንኳ አለች። በሰው አገር ባል ለሚስቱ ወንድምም ጎረቤትም አስታራቂም መሆን ይጠበቅበታል፤ እርሷም ለእርሱ እንዲሁ። ይህ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። በተለይ ቋንቋ አስተማሪ ለሆኑት ሌላም ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ የገዛ ቋንቋቸውን ቆራርጠው፣ “ይህ በር ነው፤ ያ ወንበር ነው” እያሉ ለጀማሪ ሲሰጡት ይውላሉ። ያ ቋንቋ ከነለዛው፣ ከነቀልዱ፣ ከነልጅነት ትዝታው የሚነገረው ማታ በሁለቱ መካከል ብቻ ነው። አንዱ ያኮረፈ ቀን ሌላው አገር ያጣል። ይህን ከባድ ኑሮ በፍቅር የሚኖሩ ጥንዶችን አከብራቸዋለሁ። የማነሣው ጥያቄም ከዚህ አክብሮት የመጣ ነው።

እንግዲህ የማምነውን ልናገር። ሰው የራሱን ሰጥቶ ሲሄድ መሥዋዕት አቀረበ ይባላል። ሄፕበርኖች ገቢያቸውን፣ ምቾታቸውንና አገራቸውን ሰጡ፤ እነዚህ የእነርሱ ነበሩ። የሳሙኤል የጉርምስና ዓመታት ግን የሳሙኤል ነበሩ። አብርሃም ይስሐቅን ወደ ተራራው ይዞት ሲወጣ ኦሪት የአብርሃምን መታዘዝ ትነግረናለች፤ ይስሐቅ ከዚያ ተራራ ምን አስቦ እንደ ወረደ ግን አትነግረንም። ከሌላ ሰው ወስደን ለእግዚአብሔር የሰጠነው ነገር ለእግዚአብሔር ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ለተወሰደበት ሰው ግን ዕዳችን ነው።

ዕዳ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሰው ለመልካም ነገርም ይበደራል፤ አንዳንዱ መልካም ነገር ያለ ብድር አይሠራም። ክፋቱ ዕዳውን ሲክዱት፣ አበዳሪው በፈቃዱ እንደ ሰጠ አድርገው ሲያወሩ ነው። ባለዕዳ መሆኑን ያወቀ ሰው ከአበዳሪው ፊት አይሸሽም። ይጽፋል፤ ይመጣል፤ ይቅርታ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ልጁ አንድ ቀን “ትታችሁኝ ሄዳችሁ” ሲለው፣ “ለጌታ ብለን ነው” ብሎ አፉን አይዘጋበትም። ልጁ የተናገረው እውነት ነውና።

ወይዘሮ ክላራ ጃፓን በገቡ በሁለት ዓመታቸው፣ በ1861፣ ባላቸውን እዚያው ትተው ብቻቸውን ልጃቸው ወዳለበት አሜሪካ ተመለሱ። እንደገና የመጡት በ1863 ነው፤ ትምህርቱን የጀመሩትም በዚያው ዓመት። ጉዟቸውን እንደ ድካም የሚያይ ይኖራል። እኔ ግን ያ ትምህርት ቤት በተጀመረበት ጊዜ መሥራቿ ሁለቱንም ወገን በእግራቸው ደርሰው ያዩ ሴት መሆናቸው ትልቅ ነገር ይመስለኛል። ሳሙኤልም ካደገ በኋላ ጃፓን መጥቶ ሠርቷል።

“ለእንጀራ የሚሰደደውስ?” የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ከብዙዎቻችን ቤት የወጣ ሰው አለና። ልጇን ለእናቷ ትታ ቤይሩት ወይም ሪያድ የምትሄደዋ እኅታችን ግን ዕዳዋን አሳምራ ታውቀዋለች። በየወሩ የምትልከው ገንዘብ ይመሰክራል። ማንም መድረክ ላይ አውጥቶ አያጨበጭብላትም፤ እርሷም ልጄን መተዌ ጽድቅ ነው አትልም። ለሚስዮናውያኑ አደገኛው ነገር ጭብጨባው ነው። ሰው ስለ ዕዳው ሲመሰገን ከኖረ መክፈሉን ይረሳል።

ዕዳው ደግሞ በሄዱት ላይ ብቻ አያበቃም። ያስተማሩትም ሕዝብ ይካፈለዋል። ከ1866 ጀምሮ በምፅዋ በኩል የመጡት የስዊድን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ከፈቱልን። በ1945 በንጉሠ ነገሥቱ ጥሪ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን የተረከቡት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን፣ ላለመስበክ ተስማምተው፣ የካህን ልብሳቸውን አውልቀው አስተማሩ፤ በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሠረቱትም እነርሱ ናቸው። የእነዚህ ሰዎች እናቶች ስዊድን ወይም ኩቤክ ውስጥ ልጃቸውን ሳያዩ አርጅተው ይሆናል። የተማረው ትውልድ ስለ አስተማሪዎቹ ብዙ አመስግኗል። ለእናቶቻቸው የቀረበ ምስጋና ግን አላነበብኩም፤ ይገባቸው ነበር።

ዛሬ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትም ወደ ውጭ አገር ሚስዮናውያን ይልካሉ፤ ሰባኪ የማያስገባ አገር አስተማሪን ያስገባል። እናንተ ላኪዎች፣ ባልና ሚስት ልትሸኙ በቆማችሁ ዕለት ማርቆስ ምዕራፍ 7ንም አንብቡ። እናትየዋን መድረክ ላይ አቁማችሁ “ልጅሽን ለጌታ ሰጠሽ” ከማለታችሁ በፊት ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቋት፤ አልሰጠሁም ብትልም ተቀምጣችሁ ስሟት። ባልና ሚስቱ መጥተው የሚጠይቁበትን የአውሮፕላን ቲኬት ከደመወዛቸው ጋር በበጀት ያዙ። እርሷ የታመመች ቀን ማን እንደሚያስታምማት፣ በስንት ብር እንደሚያስታምማት፣ እነርሱ ሳይሳፈሩ በፊት ወስኑ።