ሳይወስዱ መጠበቅ

የቅርስ መዝጋቢ ባለሙያ ወደ አንድ የገጠር ደብር ዕቃ ቤት ሲገባ፣ ቄሰ ገበዙ ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ሣጥኑን ሲከፍቱለት፣ አቡጀዲ በአቡጀዲ ላይ የተደረበበት መስቀል ቀስ በቀስ ሲገለጥ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ሁለት ጠባቂዎች ተያይተው እንደሚቆሙ ባሰብሁ ቁጥር እደነቃለሁ። አንደኛው ከአባቶቹ የተረከበውን በጾምና በጸሎት፣ በምስጢርና በዝምታ ሲጠብቅ የኖረ ነው፤ ሁለተኛው ሜትርና ካሜራ፣ ቅጽና እስክሪብቶ ይዞ ከመንግሥት የተላከ ነው። የአንዱ ጥበቃ መሰወር ነው፤ የሌላው ጥበቃ ማሳወቅ። ገበዙ ስንት ዘመን ከወራሪና ከሌባ የሸሸጉትን ለማያውቁት ሰው ሲገልጡ እጃቸው ቢዘገይ ማን ይፈርድባቸዋል? መተማመን በደብዳቤና በማኅተም ብቻ አይመጣም፤ ባለሙያው ጫማውን አውልቆ ሲገባ፣ ተሳልሞ ሲቆም፣ ሳያስፈቅድ ሳይነካ ሲቀር፣ ያኔ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ከዚያ ምዝገባው ይጀመራል። መስቀል ከሆነ ቁመቱና ወርዱ ይለካል፣ ከምን እንደተሠራ ይጠየቃል፤ ብራና ከሆነ ቅጠሉ ይቆጠራል፣ ዓምዱና መስመሩ ይታያል፣ ሐረጉና ሥዕሉ ፎቶ ይነሣል። እኔን ግን ከሁሉ አብልጦ የሚገርመኝ ባለሙያው ጉዳቱንም አንድ በአንድ ማስፈሩ ነው፤ የሽፋኑ ስንጥቅ፣ አይጥ የበላው ጠርዝ፣ ከማኅሌት ሌሊት የቀረ የሰም ጠብታ፣ አንባቢ ጣት ደጋግሞ ያጠቆረው ማዕዘን፣ ሁሉም በቅጹ ላይ ይገባል። እናት የጠፋ ልጇን ከብዙ ሕፃናት መካከል በግንባሩ ጠባሳ እንደምትለየው፣ ቅርስም በጠፋ ጊዜ የሚታወቀው በቁስሉ ነውና። ሥራው ሲያበቃ መስቀሉ ወደ አቡጀዲው፣ አቡጀዲው ወደ ሣጥኑ፣ ቁልፉም ወደ ገበዙ ወገብ ይመለሳል፤ መንግሥት ይዞ የሚሄደው ቁጥርና ምስል ብቻ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በማንኛውም ሰውም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ሲደነግግ፣ ባለቤቱን ደግሞ በመንከባከብ ግዴታ ሲያስር፣ በደረቀ የሕግ ቋንቋው ውስጥ አንድ ትልቅ ትሕትና ይታየኛል። መስቀሉ በሚባርከው ሕዝብ መካከል ይኑር፣ መጽሐፉ በሚነበብበት ቤት ይሰንብት፣ እኔ ግን መልኩን ልወቅ እንደማለት ነው።

ይህ መልክን ማወቅ ቀላል ነገር አለመሆኑን ላስታ አይታዋለች። አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ሲሰረቅ፣ ድውይ ሲዳሰስበት የኖረ መስቀል ባሕር ተሻግሮ ለሰብሳቢ ተሽጦ ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. ሲመለስ በእልልታ የተቀበለው ሕዝብ የተቀበለው ወርቁን አልነበረም። የጨለቆት ሥላሴ ዘውድም እንዲሁ፤ ራስ ወልደ ሥላሴ እንዳበረከቱት የሚነገርለት ያ ዘውድ በአንድ ካህን ራስ ላይ ሳለ የተነሣ ፎቶ ባይኖር ኖሮ፣ ሆላንድ ውስጥ በተገኘ ጊዜ የማን ነው ለማለት እንኳ ያስቸግር ነበር። ሮተርዳም የሚኖረው ስደተኛው ሲራክ አስፋው ቤቱ በመጣ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አይቶት ለ21 ዓመታት ሸሸገው፤ ቢመልሰው ዳግም እንዳይጠፋ ሰግቶ ነበር። ዘውዱ በየካቲት 2012 ዓ.ም. አገሩ ሲገባ ሁላችንም ደስ አለን፤ እኔ ግን ያቺን ስጋት መርሳት አልቻልሁም። አንድ ሰው አገሩን እየወደደ የአገሩን ቅርስ ከአገሩ ጠባቂዎች የሸሸገበት ዘመን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ብለን ለምንጠራው ተቋም ከየትኛውም ወቀሳ ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል።

ከጉዳት መዳን ብቻውን መጠበቅ ከሆነማ፣ ከመቅደላ የተዘረፉት ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ከማንም በላይ ተጠብቀዋል። በተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል፣ ጎብኚ አያያቸውም፣ ተመራማሪ አይነካቸውም፤ እሳትም ሌባም አይደርስባቸውም። ግን በጥምቀት ማን ያጅባቸዋል? ማን በፊታቸው ያሸበሽባል? የሚያውቃቸው ሕዝብ በሌለበት፣ ስማቸውን የሚጠራ ካህን በሌለበት የሚደረግላቸው ጥንቃቄ ለእኔ የእስር ጥንቃቄ ነው፤ ይህን ስል ድምፄን ዝቅ አላደርግም።

በሌላ በኩል ደግሞ ጥበቃም ራሱ ሊጫን እንደሚችል ላሊበላ ላይ አይተናል። ዝናቡ ዓለቱን እንዳይበላው ተብሎ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የተተከለው መጠለያ ለጊዜው የታሰበ ነበር፤ ዓመታት አለፉ፣ የላስታ ሰውም ብረቱ ይወድቅብን ይሆን እያለ ከሥሩ ይጸልያል። አንድን ዓለት ከሰማይ ውኃ ለመሸሸግ የተደረገው ሌላ ስጋት ሲሆን፣ ጠባቂ ሊኖረው የሚገባው ፍርሃት ምን ያህል እንደሆነ ይገባኛል። በእጅ የማይጨበጠውማ እንዴት ነው የሚጠበቀው? የሲዳማን የፍቼ ጨምበላላ ዘመን አቆጣጠር፣ የኦሮሞን የገዳ ሥርዓት፣ የሐረሪን የሹዋሊድ ሌሊት በየትኛው ሣጥን ትቆልፈዋለህ? ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ የሚኖሩት ግን ሽማግሌው ለልጁ በሚነግረው፣ ልጁም ጆሮ በሚሰጠው መጠን ነው።

ለዚህ ነው ባለሥልጣኑን ሳስብ ከቢሮው ይልቅ ያ ጫማውን አውልቆ የገባው ባለሙያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው። ባለሥልጣኑ የአገሩ ቅርስ ሁሉ ጠባቂ ሊሆን አይችልም፤ አቅሙም አይደለም፣ ድርሻውም አይደለም። ድርሻው ገበዙን መጠበቅ ነው፣ በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ የአያቷን የእጅ ጽሑፍ ቁርዓን በጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን እናት ማገዝ ነው፣ የተከፈተለትን ሣጥን ምስጢር አለማባከን ነው። በዕቃ ቤታችሁ፣ በቤታችሁ ሣጥን፣ በአያታችሁ ማኅደር ውስጥ እስከ ዛሬ ማንም ያልመዘገበው ካለ፣ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩና አስመዝግቡት። ተመዝግቦም እዚያው እናንተ ዘንድ ይቀመጣል።