ያለንን ስንቆጥር ዕዳችንንም እንቁጠር

ዓመቱ ተፈጽሞ አዲሱ ሊተካ ሲቃረብ፣ በተለይም በጳጉሜን ቀናት፣ ብዙዎቻችን ያለፈውን ዓመት መለስ ብለን እንመረምራለን። አንዳንዶቻችንም ደብተር አውጥተን ያለንን እንጽፋለን፤ በባንክ የተቀመጠውን ገንዘብ፣ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ከዕቁብ የምንጠብቀውን፣ ለሰው ያበደርነውን በአንድ ወገን፤ ከባንክም ሆነ ከዘመድ የተበደርነውን በሌላ ወገን። ከሀብቱ ላይ ዕዳው ተቀንሶ የሚተርፈው የተጣራ ሀብታችን ነው። ይህንንም ከአምናውና ከካቻምናው ጋር እናስተያያለን፤ ጨምሮ ብናገኘው ደስ ይለናል፣ ቀንሶ ብናገኘው እንተክዛለን። እንግዲህ ክርስቲያን ሀብቱን በየዓመቱ እንዲህ ሊቆጥር ይገባዋልን? ወይስ መቁጠሩ ራሱ የገንዘብ ፍቅር ምልክት ነው?

መቁጠር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቤተ ሰቡ የማያስብን ሰው አጥብቆ ይነቅፋል። ሉካ ፓቾሊ የተባለ ፍራንቸስኮሳዊ መነኩሴ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው የሂሳብ መጽሐፍ፣ ነጋዴ ሥራውን ሲጀምር ጥሬ ገንዘቡን፣ ጌጣጌጡን፣ ልብሱን፣ ቤቱንና መሬቱን፣ እንዲሁም የሚፈለግለትንና የሚፈለግበትን ዕዳ አንድ ሳያስቀር እንዲዘረዝር መክሯል። ይኸው መነኩሴ በመዝገቡ መግቢያ የእግዚአብሔር ስም እንዲጻፍ፣ የመጀመሪያዎቹ መዝገቦችም በመስቀል ምልክት እንዲለዩ አሳስቧል። ሂሳቡ በእግዚአብሔር ፊት የሚቀርብ ነውና፣ በመስቀል ምልክት ሥር ሐሰት ሊጻፍ አይገባም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋም እህሉን ቆጥሯል፤ ጎተራውንም ለማስፋት አቅዷል። ምሳሌውን ልብ ብለን ብናነብ፣ ሰውየው ከራሱ በቀር የሚያማክረው፣ ከራሱም በቀር የሚያስበው ሰው አልነበረውም። በሂሳቡ ውስጥ ያጨዱለት ሠራተኞች የሉም፣ ጎረቤት የለም፣ ድኻ የለም፤ ዝናሙን የሰጠ አምላክም የለም። ስሕተቱ መቁጠሩ ሳይሆን ሌላውን ሁሉ ሳይቆጥር መቅረቱ ነው።

ከዚህም በላይ ቁጥሩ ራሱ ሊያታልለን ይችላል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ የቤት ባለቤት የሆነ ሰው ምንም ሳይደክም ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ሲያድግ ያያል፤ በወር ደመወዝ የሚኖረው ተከራዩ ግን በያዘው ብር የሚገዛው እያነሰ ይሄዳል። የአንዱ ቁጥር መጨመር ብቻውን ስለ ድካሙም ሆነ ስለ በጎነቱ አይመሰክርም።

እንግዲህ ደብተራችንን እንደገና እንግለጥ። የቤት ሠራተኛችን ደመወዝ ከወር ወር እየተሸጋገረ ሳይከፈል ቀርቶ ይሆን? ካልተከፈለ በባንክ ካስቀመጥነው ውስጥ ያ ገንዘብ የእርሷ እንጂ የእኛ አይደለም። ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት የደከመች እኅታችን በላከችው ገንዘብ የተሠራ ቤት በእኛ ስም ተመዝግቦ ይሆን? ከሆነ፣ በሀብት ወገን የጻፍነው ቤት በዕዳ ወገንም መጻፍ አለበት። እርሷ ጤናዋንና ወጣትነቷን ከፍላ ስትመለስ ባዶ እጇን ብትቀር፣ የእኛ የተጣራ ሀብት አድጓል ልንል አንችልም። እንዲህ ያለው ዕዳ ውል ስለሌለው ፍርድ ቤት ላያውቀው ይችላል፤ ኅሊና ግን ያውቀዋል።

ለወንድማችን ያበደርነውስ? ሊከፍል እየቻለ ያዘገየ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሚከፍለው የሌለው ከሆነ ግን በየዓመቱ ስሙን በደብተር እያደስን መጻፋችን ወንድማችንን ወደ ቁጥር መለወጥ ይሆናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ለ2025 እ.ኤ.አ. ኢዮቤልዩ ባወጡት መልእክት፣ ሀብታም አገሮች ሊከፍሉ ለማይችሉ አገሮች ዕዳቸውን እንዲሠርዙ ጠይቀዋል። ለመንግሥታት የተነገረው ይህ ቃል ለቤታችንም ይሠራል።

ዘኬዎስ ያደረገውን እናስታውስ። የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ሊሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ በቃሉ ሲገባ የተጣራ ሀብቱ በአንድ ቀን እጅግ ቀነሰ። በደብተር ብንመዝነው ከዚያ የከፋ ዓመት አልነበረውም፤ ጌታችን ግን መዳን ወደ ቤቱ የገባው በዚያው ቀን መሆኑን መሰከረለት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 እ.ኤ.አ. የምድር ሀብት ለሰው ልጆች ሁሉ የተሰጠ እንደ ሆነና፣ ሰው በሕግ የያዘውን ንብረት ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሌሎችም ጥቅም እንደሚሰጥ አድርጎ እንዲመለከተው አስተምሯል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ምእመናን ሀብታቸውን መቁጠር ኃጢአት ነውን ብለው ሲጠይቋችሁ አይደለም በሏቸው። ነገር ግን ከዕዳው ወገን እንዲጀምሩ ምከሯቸው፤ አስቀድሞ በፍትሕ የሚገባውን ለባለቤቱ መመለስ፣ ቀጥሎ የቤተ ሰብን ፍላጎት ማሟላት፣ ከዚያም ከተረፈው ለድኻው መካፈል። ይህ ሂሳብ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ሊሠሩት፣ ከንስሐ በፊት ከሚደረገው የኅሊና ምርመራ ጋርም ሊያያዝ የሚገባው ነው።

አንድ ቀን መጋቢነታችንን እንድናስረክብ እንጠራለን። በዚያን ጊዜ የምንጠየቀው ስንት እንደተረፈን ሳይሆን በአደራ የተሰጠንን ምን እንዳደረግንበት ነው። ቸሩ አምላካችን በቅንነት የምንቆጥርበትን ኅሊና፣ በደስታም የምንመልስበትን እጅ ይስጠን።