መምህሩ ስለ ተናገረ ተማሪው ተማረ ማለት ነውን?

ማስተማር ምን ማለት ነው? ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «የሚያውቁትን ለማያውቅ መንገር ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ለጆሮ ቢጥምም ሙሉ አይደለም። መንገር የተናጋሪው ሥራ ነው፤ መማር ግን በሰሚው ልቡና ውስጥ የሚፈጸም ነው። እንግዲህ መምህሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግሮ ሲወጣ ተማሪው ምንም ሳይጨብጥ የቀረ እንደ ሆነ፥ መምህሩ ግዴታውን ፈጽሟል ልንል እንችላለንን? ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

በተማሪዎች ፊት ቆሞ በንግግር ማስተማር፥ በተለምዶ ሌክቸር የምንለው፥ የቆየ ልማድ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ንባብ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ መጽሐፍ በእጅ የሚጻፍና ዋጋው የከበደ ስለ ነበረ መምህሩ ያነብባል፤ ተማሪውም ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ የጉተንበርግ ማተሚያ ከተሠራ በኋላ ግን መጽሐፍ እየበዛ ሄደ። ስለዚህ ዛሬ በመጽሐፍ የሚገኘውን ቃል በቃል የሚያነብ መምህር ምክንያቱ ያለፈበትን ሥራ ይሠራል። መጽሐፍ ለሁሉ በማይዳረስበት ትምህርት ቤት እንኳ ማስጻፍ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው ሊሆን አይገባም።

ይህን ስንል ንግግር ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ሚካኤል ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅና የመጽሐፍ ጥረዛ ተለማማጅ ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1812 በለንደን የሰር ሀምፍሪ ዴቪን ንግግሮች ሰምቶ ማስታወሻውን በመጽሐፍ መልክ ጠርዞ ላከለት፤ በማግሥቱም ዓመት ረዳቱ ሆነ። ኋላ ራሱ መምህር በሆነ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1848 እንደ ገናም በ1860፥ ለወጣቶች ኬሚስትሪን ለማስተማር የመረጠው ርእስ አንዲት ሻማ ነበረች። ሻማን የማያውቅ ልጅ አልነበረምና ከሚያውቁት ተነሥቶ ወደማያውቁት መራቸው፤ የሚናገረውንም በፊታቸው እየሠራ አሳያቸው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂላችን ለመምህርም ይሠራል፤ በከባድ ቃላት የተጠመጠመ ንግግር ተናጋሪውን ያስከብር ይሆናል እንጂ ሰሚውን አያስተምርም።

ይሁን እንጂ ጥሩ ተናጋሪ መሆንም ብቻውን አይበቃም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆነው ኤሪክ ማዙር ተማሪዎቹ የሚያመሰግኑት መምህር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ግን ስለ ኀይልና ስለ እንቅስቃሴ ቀላል የሚመስሉ ጥያቄዎች ቢሰጣቸው፥ አንድ ተማሪ እርሱ ባስተማራቸው መንገድ ይመልስ እንደ ሆነ ወይስ ራሱ ነገሩን እንደሚያስበው ጠየቀ። ከባዱን ስሌት የሚሠሩት ተማሪዎች ቀላሉን ጥያቄ ሳቱ፤ ትምህርቱ ለፈተና እንጂ ለልቡና አልደረሰም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማዙር ጥቂት ተናግሮ ጥያቄ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው መልስ ይመርጣል፤ ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፤ ዳግመኛም ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የ225 ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲመረመር፥ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርት ንግግር ብቻ ከሚሰሙት ከመቶ 34 ያህሉ ሲወድቁ፥ በክፍል ውስጥ እንዲሠሩ ከሚደረጉት የወደቁት ከመቶ 22 ያህል ሆነው ተገኙ።

ይህ ነገር ለኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ የሰማውን ከጓደኞቹ ጋር እየደጋገመ ያጠናል። በዘመናዊው ክፍል ግን መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፤ ተማሪዎቹም በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ። ይህ «አዎ» ብዙ ጊዜ የአክብሮት ወይም የይሉኝታ ቃል እንጂ የዕውቀት ምስክር አይደለም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሲሆን ደግሞ፥ ተማሪው ያልገባው ቋንቋው ይሁን ነገሩ፥ ከዝምታው ለይቶ ለማወቅ አይቻልም።

«ታዲያ ተማሪው ሰነፍ ቢሆን መምህሩ ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መድከም የተማሪው ዕዳ ነው፤ ማንም በሌላው ፈንታ ሊማርለት አይችልም። ነገር ግን መንገዱ የት ላይ እንደሚያስቸግር የሚያውቀው ቀድሞ የሄደበት ነው። የማያውቅ ሰው ምን እንዳላወቀ ለይቶ ለመጠየቅ ይቸገራልና የመጠየቁ ሸክም ይበልጡን በሚያውቀው ላይ ይወድቃል። ሳይጠይቅና ሳይመረምር «እኔስ አስተምሬያለሁ» የሚል መምህር ደብዳቤውን ጽፎ፥ መድረሱን ሳያረጋግጥ፥ ጉዳዩን እንደ ዘጋ ጸሓፊ ነው።

ስለዚህ በኛ አስተያየት የመምህር ግዴታ የሚፈጸመው ንግግሩ ሲያልቅ ሳይሆን፥ የተናገረው መድረሱን ሲያረጋግጥ ነው። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከሰዓቱ ላይ ዐሥር ደቂቃ ቀንሶ አንድ ጥያቄ ማቅረብ፥ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲነጋገሩበት መፍቀድ፥ የተሳሳተውንም ሳያሳፍሩ ማረም ይበቃል። ይህ ካልሆነ ግን የተደከመበት ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ ይቀራል።