ሰውነትን ስለሚወርር ሕመም

ሰውን በመልካም አቋም ለፈጠረው ለአላህ ምስጋና ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህም በኋላ፤

ምእመናን ሆይ! በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ ሱቅ ውሎ የሚገባ ነጋዴ ጉንዳን እንደሚሄድበት እግሩን ሲወርረው ወይም ጣቱ ሲደነዝዝ፣ «ጂን ነክቶኝ ይሆን? የጎረቤቴ ዓይን በልቶኝ ይሆን?» ይላል። የጂን መኖር እውነት ነው፤ ያለ ማስረጃ ጎረቤትን መጠርጠር ግን ኃጢአት ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ምክንያቱን መርምሩ።

እግሩን አጣጥፎ የቆየ የቁርኣን ተማሪ ወይም ከሸማ ሥራው ላይ ብዙ የተቀመጠ የዶርዜ ሸማኔ፣ ነርቩ ስለሚጫን እግሩ ይደነዝዛል፤ ተነሥቶ ሲንቀሳቀስ ይለቀዋል። ዕዳ ያስጨነቀውም ሰው ትንፋሹ ሲፈጥን ከንፈሩንና ጣቶቹን ይነዝረዋል፤ ልቡ በዚክር ሲረጋና ትንፋሹ ሲመለስ ያልፋል።

የማያልፍም አለ። ሁለቱም እግሮች ከጣት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ቢያቃጥሉና ቢወርሩ፣ የስኳር በሽታ ነርቭን መጉዳት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ለረጅም ጊዜ ያላገኘ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሲያንሰው ይደነዝዛል። ለሳንባ ነቀርሳ አይሶኒያዚድ የሚወስድም እንዲህ ቢሰማው፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር። ድንገት አንዱ የሰውነት ጎን ቢደነዝዝና አፍ ቢጣመም ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ይገባል።

በቆዳ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ቢወጣ የሥጋ ደዌ መሆን አለመሆኑ ይመርመር። ይህ ደዌ እርግማን አይደለም፤ ከጀርም የሚመጣ መሆኑን የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ደርሶበታል። ዛሬ በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር ታክሞ ይዳናል። «ሰው ሱቄን ይሸሸዋል፤ ልጄንም የሚያገባት አይገኝም» ብሎ የሚደብቅ ግን የራሱንም የልጁንም እጅና እግር ለጉዳት ይሰጣል። ገላ በእጃችን ያለ የአላህ አማና ነውና፣ አማናን በኀፍረት ማጥፋት አይገባም።

የገጠር ዓረቦች ስለ ሕክምና በጠየቋቸው ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያልተደረገለት ደዌ እንደሌለም አስረድተዋል። እንግዲህ ሩቅያ ያስቀራ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄዱን አይተው፤ ሐኪም ዘንድ የሄደም ዱዓውን አይተው።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ይፈውስልን፤ አንደበታችንንም ጎረቤትን ከማማት ይጠብቅልን። አሚን።